ልብስ ሰፊ ቤት የተደበቀ ቀሚስ

ወዳጆቼ፣ ታሪኩን ከመጀመሬ በፊት ስለ ጠባዬ ልንገራችሁ፤ አለበለዚያ የሆነው ሁሉ አይገባችሁም። እኔ ጠርጣራ ሰው ነኝ። ሥጋ ሻጩ ሚዛን ሲያነሳ የማየው ሥጋውን ሳይሆን ጣቱን ነው። ሰው ከልክ በላይ ከሳቀልኝ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ። አባቴ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» እያለ አሳደገኝ፤ እኔም ትምህርቱን ከሚፈለገው በላይ ተማርኩት። ሚስቴ ጫልቱ ገና ሳንጋባ «አንተ ገንፎ ሲቀርብልህ ስንጥሩን ትፈልጋለህ እንጂ ቅቤውን አታይም» ብላ ትስቅብኝ ነበር።

የምንኖረው መቱ ነው። ሥራዬ ልብስ ስፌት ሲሆን መኪናዬን የተከራየነው ቤት በረንዳ ላይ ተክዬ እሠራለሁ። ጫልቱ አስተማሪ ናት። ጠዋት እሷ ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ልጃችን ሲፈን ከእኔ ጋር ትቀራለች። ያኔ ሲፈን ሁለት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር። እሷን እየጠበቁ ልብስ መስፋት ምን ማለት እንደሆነ የሞከረ ያውቀዋል። ቁልፍ ትውጣለች ብዬ የቁልፉን ጣሳ ጣሪያው ሥር ሰቅያለሁ። ጨርቅ የማሰምርበትን ሳሙና በልታብኛለች። የደንበኛ ሱሪ ስለካ ሜትሩን ከወዲያ ጫፍ ይዛ ትጎትተዋለች። ሲደክማት ደግሞ ብጣሽ ጨርቅ የማጠራቅምበት ካርቶን ውስጥ ገብታ ትተኛለች። የመኪናው ድምፅ ካልተሰማት አትተኛም። ስለዚህ ሥራ በሌለኝ ቀን እንኳን ባዶ መኪና እረግጥላት ነበር፤ አላፊ አግዳሚው ያበድኩ ሳይመስለው አልቀረም።

እትዬ ወርቄ የመጡት በዚህ መሀል ነው። የጫልቱ ታላቅ እህት ናቸው፤ ኡካ አጠገብ የቡና ማሳ አላቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይቷል። ልጅ አልወለዱም። በአማችነት ወግ እሳቸውም እኔን፣ እኔም እሳቸውን አንቱ እንባባላለን፤ ሲጠሩኝም በስሜ ሳይሆን «ሶዳ» ብለው ነው፣ አማቼ ማለታቸው ነው። ጥሩ ሴት ናቸው። ችግሩ የመጡበት ጊዜ ነበር። ቡና ለቀማው በተጧጧፈበት ሰሞን፣ ለቃሚ በውድ ተፈልጎ በማይገኝበት ወቅት፣ ባለማሳ ሴት ቤቷን ዘግታ እህቷ ዘንድ ልትከርም ትመጣለች?

«እትዬ ወርቄ፣ ቡናውን ለማን ትተው መጡ?» አልኳቸው፣ ገና ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ።

«ቡና የትም አይሄድ ሶዳ» አሉኝ ሲፈንን እያዩ። «ጊዜ የማይሰጥ ልጅ ነው።»

ይህች መልስ ልቤ ላይ ተሰካች። ሲፈንን አንስተው ክንዳቸው ላይ አስቀመጧት፣ በስንዝራቸው ጀርባዋን ለኩ፣ ፀጉሯን ዳበሱ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሰው ሲለካ አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ ነገሮችን አንድ በአንድ መልቀም ጀመርኩ። እትዬ ወርቄና ጫልቱ ጓዳ ውስጥ ሲያወሩ እኔ ስገባ ዝም ይላሉ። ኦሮምኛ እንደ እነሱ ስለምሰማ ቋንቋ ቀይረው ሊደብቁኝ አይችሉም፤ ስለዚህ ዝም ይላሉ። ደግሞ ጡት ማስጣሉ ትዝ አለኝ። እንግዳዋ ከመምጣታቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ጫልቱ ጡቷን እሬት ቀብታ ሲፈንን በድንገት አስጥላት ነበር። ልጅቷ አፏን እያጣመመች ስታለቅስ «ምን አስቸኮለሽ?» ብላት «በቃ፣ አድጋለች» አለችኝ፣ እኔን ሳይሆን ግድግዳውን እያየች። ያኔ ብዙም አላሰብኩበትም። አሁን ግን አሰብኩበት።

አንድ ቀን ሲፈን የክር ጥቅልል አንከባላ አልጋ ሥር ከተተችብኝ። ልፈልግ ስንበረከክ የእትዬ ወርቄ ሻንጣ መንገድ ዘጋብኝ፤ ጎተት ሳደርገው አፉ ተከፈተ። እመኑኝ፣ ልፈትሽ ብዬ አልነበረም። ከተከፈተ በኋላ ግን አልዘጋሁትም። ከላይ ቢጫ የሕፃን ቀሚስ ታጥፎ ተቀምጧል። ከሥሩ በቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ አለ። ከሁሉም በታች አዲስ፣ ገና ጀርባ ያልነካው አንቀልባ።

መሬት ላይ እንደተንበረከክሁ ቀረሁ። ልብስ ሰፊ ቤት የሕፃን ቀሚስ ይዞ መጥቶ መደበቅ ምን ማለት ነው? ስጦታ ከሆነ ለምን አልተሰጠም? ልጅ የሌላቸው ሴትስ አዲስ አንቀልባ የሚገዙት ማንን ሊያዝሉበት ነው?

ጉዲፈቻ ለብዙዎቻችሁ የፍርድ ቤት ቃል ሊሆን ይችላል። በእኛ አገር ግን ከፍርድ ቤት የቀደመ ወግ ነው። ልጅ ለሌለው ዘመድ ልጅ ይሰጣል። ሽማግሌዎች እርጥብ ሳር ይዘው ይመርቃሉ፣ ልጁ ቅቤ ይቀባል፣ የሚቀበለው ሰው ባመጣው ልብስ ይለብሳል። ከዚያ በኋላ «የወለዱት እነ እገሌ ናቸው» ብሎ የሚያወራ ሰው ነውረኛ ነው። የሚሰጠው ደግሞ ጡት ከጣለ በኋላ ነው። እንዲህ ሆነው ያደጉ፣ ከወላጅ በላይ የተወደዱ ሰዎች አውቃለሁ። ጥሩ ወግ ነው፤ የሌላ ሰው ልጅ ሲሰጥ።

ከሰዓት በኋላ ጫልቱ ከትምህርት ቤት ተመልሳ ሲፈንን ሳፋ ውስጥ ታጥባት ነበር። ውሃው በየአቅጣጫው ይረጫል። በሩ ላይ ቆምኩ።

«እህትሽ ምን ፈልገው ነው የመጡት?»

«እህት እህቷን ልትጠይቅ አትመጣም?»

«በቡና ለቀማ?»

«ናፍቃን መጣች በቃ።»

«አንቀልባ ይዘው?»

እጇ ቀጥ አለ። ሳሙናው የሲፈን ዓይን ውስጥ ገብቶ ልጅቷ ጮኸች። ጫልቱ ዓይኗን አጥባላት፣ በፎጣ ጠቅልላ አቀፈቻትና «ሻንጣ ፈተሽክ?» አለችኝ።

«ክር ስፈልግ ነው።»

«ሻንጣ ፈተሽክ» አለች እንደገና፣ በዝግታ፤ በአጠገቤ አልፋ ወጣች። ጥያቄዬን ሳትመልስልኝ እኔ ተከሳሽ ሆኜ ቀረሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነገር አለ፤ ንጹሕ ሰው መልስ አለው። የእኔ ሚስት መልስ አልነበራትም።

ከዚያ ወዲያ ቤቴን እንደ ዘበኛ መጠበቅ ጀመርኩ። የተሰፋ ልብስ ላደርስ ስወጣ ሲፈንን ይዣት እሄዳለሁ። የሲፈንን ጫማ በብጣሽ ጨርቁ ሥር ደበቅኩት፤ ጫማ ከሌላት ሩቅ አትወሰድም ብዬ ነው። እትዬ ወርቄ ምሳ ሲያጎርሷት እቆጥራለሁ፣ ሲዘፍኑላት አዳምጣለሁ። አንድ ቀን ሲፈን እሳቸው ዘንድ ተኝታ፣ እኔ በረንዳ ላይ መኪናዬን እየረገጥኩ ሳለ ውስጥ የሚንሾካሾክ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ለማዳመጥ እግሬን አቆምኩ። መኪናው ዝም ሲል ልጅቷ ነቃች። በመስኮቱ አየኋት፤ ዓይኗን ጨፍና እጇን ወደ እትዬ ወርቄ ዘርግታ «አዮ» አለች።

አዮ በኦሮምኛ እማ ማለት ነው። ሲፈን በዚህ ስም እናቷን እንጂ ማንንም ጠርታ አታውቅም። እትዬ ወርቄ ፊታቸውን የልጅቷ ፀጉር ውስጥ ቀብረው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ አለቀሱ። እኔ ደግሞ ውጭ ቆሜ፣ አገኘኋት ብለው ነው፣ የደስታ ለቅሶ ነው አልኩ። ከዚያን ቀን በኋላ እሳቸውን ቀና ብዬ ማየት አስጠላኝ።

ቅዳሜ ደረሰ። ጠዋት ጫልቱ ቁርሴን አቀረበችና «የታዘዝከውን የዩኒፎርም ጨርቅ ዛሬ አታመጣም እንዴ? ገበያው ሳይጣበብ ሂድ» አለችኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ግማሽ መንገድ ከሄድኩ በኋላ ቆምኩ። ጫልቱ ስለ እኔ ጨርቅ አንስታ የማታውቅ ሰው ናት፤ ዛሬ ምን ነካት? ዞሬ ወደ ቤቴ በረርኩ።

በሩ ተቆልፏል። በረንዳው ላይ ማንም የለም። ብጣሽ ጨርቁን ገለጥኩ፤ ጫማዋ ደብቄ ያስቀመጥኩበት አለ። ልጄን በባዶ እግሯ ወስደዋታል።

ከመንገዱ ማዶ ባለ ሱቁ ጋሼ ሸምሱ ብቅ አሉ። «ኡካ ሰርግ አለ እንዴ?» አሉኝ። «ሁለቱም አምሮባቸው፣ ሕፃኗን አዝለው በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ሄዱ።»

«ማን ነው ያዘላት?»

«ትልቋ ናቸው። በአዲስ አንቀልባ።»

ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው አላስታውስም። ሞተረኛ ለመንኩና ወደ ኡካ ገሰገስን። የጫልቱ ስልክ ይጠራል፣ አይነሳም። መንገዱ ጭቃ ነበር፤ ሞተሩ ሲንሸራተት እኔ የማስበው ስለ መውደቅ አልነበረም። ልጄ ከእንግዲህ በየትኛው ቤት ትነቃለች? እኔስ በረንዳዬ ላይ ለማን ነው የምሰፋው? በየመታጠፊያው የሆነች ሴት ሕፃን አዝላ ባየሁ ቁጥር ሞተረኛውን «አቁም!» እያልኩ አሰቃየሁት።

የእትዬ ወርቄ ግቢ ውስጥ ከዋንዛው ዛፍ ሥር ሽማግሌዎች አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። በየእጃቸው እርጥብ ሳር ይዘዋል። ጫልቱ ምንጣፍ ላይ ሲፈንን ታቅፋ አቀርቅራለች። እትዬ ወርቄ ፊት ለፊቷ ናቸው፤ ቢጫው ቀሚስ ጭናቸው ላይ ተዘርግቷል። ሲፈን አፏን ዳቦ ሞልታ አየችኝና «አባ!» ብላ ሳቀች።

«ልጄን ማንም አይሰጥም! ማንም አይቀበልም!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ የራሴ አልመሰለኝም።

የጫልቱ አጎት ኦቦ ገመቹ ከመሀል ተቀምጠዋል። አልተቆጡም። «ሶዳ፣ ተቀመጥ» አሉኝ።

«አልቀመጥም!»

«እንግዲያውስ ቆመህ ስማ። ሚስትህ ይቺን ልጅ አርግዛ ደም ሲፈሳት አንተ የት ነበርክ?»

«በደሌ። ሥራ ሄጄ።»

«እውነት ነው፣ እንጀራ ፍለጋ ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ፅንስ ወርዶባታል። ይቺም ልትወርድ ደርሳ ነበር። ይህቺ እህቷ ቤቷን ዘግታ መጥታ፣ ከአልጋ ሳታስነሳ አስታመመቻት። ጫልቱ ያኔ እኔ ባለሁበት ምን አለች መሰለህ? ‹ይሄ ልጅ በሕይወት ይወለድ እንጂ የወርቄ ይሁን፤ እኔ መኖሩን ብቻ ልይ› አለች። ወርቄም እሺ አለች። ቃሉ እኔ ጆሮ ውስጥ ነው ያለው። ልጅቷ ጡት ስትጥል ቃሉ ይታይ ተብሎ ነበር፤ ዛሬ ልናየው ተሰብስበናል።»

ወደ ጫልቱ ዞርኩ። «እውነት ነው?»

ቀና አላለችም። ራሷን ነቀነቀች፣ አዎ ብላ።

ተመልከቱ፣ ጥርጣሬዬ ልክ ነበር። ያመለጠኝ ስንጥር አልነበረም። ዕድሜዬን ሙሉ ልክ ሆኜ መገኘት የምወድ ሰው፣ ያን ቀን ግን ተሳስቼ ብገኝ ያለኝን ሁሉ እሰጥ ነበር። የገዛ ሚስቴ፣ ልጄን ሳልነካት፣ ፊቷን ሳላያት፣ ለሌላ ሰው ሰጥታብኛለች፤ ዓመታት ሙሉ እኔ አጠገብ እየተኛችም አልነገረችኝም። ተቀመጥ ተብዬ እምቢ ያልኩት ሰውዬ መሬት ላይ ዝርፍጥ አልኩ።

ኦቦ ገመቹ ሳሩን ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። «እንግዲህ አባት ባልነበረበት የተሰጠ ቃል ጎዶሎ ነው» አሉ። «አባትየውም እዚሁ በመሀላችን አልሰጥም ብሏል። ስለዚህ ቃሉ ወድቋል ብንል ማንም አይፈርድብንም።»

ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ። እኔ ትንፋሼን ሰበሰብኩ። መውጫ ተገኘልኝ።

«አይሆንም» አሉ እትዬ ወርቄ።

ተነሱ። ቀሚሱን ደረታቸው ላይ ይዘዋል። «እንዲህ አትበሉ አባቶቼ። አባት ስላልነበረ ቀረ አይባልልኝ። እሳቸው ስለጮኹ ቀረ አይባልልኝ። እኔ ዛሬ የመጣሁት ልተዋት ነው። ወርቄ ተወቻት ይባል።»

ጫልቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች።

«ልወስዳት ነበር የሄድኩት» አሉ ወደ እኔ ዞረው። «ሶዳ፣ አልዋሽዎትም። ቀሚሱንም በእጄ የሰፋሁት፣ አንቀልባውንም የገዛሁት ለዚያ ነው። አብሬያት ልሰንብት፣ ትልመደኝ፣ ከዚያ እወስዳታለሁ ብዬ ነበር። አንድ ቀን አዮ አለችኝ። ያን ቃል ስጠብቀው ፀጉሬ ሸበተ። በልቤ አሁን የእኔ ሆነች አልኩ። ዓይኗን ስትገልጥ ግን ያየችው እኔን ሳይሆን በሩን ነው። የእርስዎ መኪና ዝም ብሎ ነበር። እንቅልፏን ሳትጨርስ የሚረግጥላትን ሰው ፍለጋ ወደ በሩ ተንጠራራች። እኔ ኡካ ምን ልረግጥላት ነው? ያን ቀን ያለቀስኩት ስለዚህ ነው።»

ያ ለቅሶ የተለቀሰው ለእኔ እንደሆነ እንዴት ልገምት እችላለሁ?

«ለጫልቱ አልነገርኳትም» አሉ ቀጥለው። «ቃል በሽማግሌ ፊት ነው የታሰረው፣ በሽማግሌ ፊት ነው የሚፈታው። ጓዳ ውስጥ ብፈታው ነገ ሌላው ያነሳዋል። ለእርስዎም እንዳትነግር ያልኳት እኔ ነኝ፤ ሰምተው ቢጣሉን በጠብ የተፈታ ቃል ይሆናል ብዬ።»

ተንበርክከው ሲፈንን በእጃቸው የሰፉትን ቀሚስ አለበሷት። ጫፉ ያልተስተካከለ ነው፤ አንዱ እጅጌ ከሌላው ይረዝማል። እስከ ዛሬ ከዚያ የተሻለ ልብስ አላየሁም። ቅቤውን ራሷ ላይ ቀቧትና አንስተው አመጡልኝ። እጄ ላይ ሲያስቀምጧት ጣቶቻቸው ወዲያው አልለቀቁም። ከዚያ ለቀቁ። ኦቦ ገመቹ ሳሩን አንስተው መረቁ፤ ሁሉም «ሃ ታኡ» አሉ፣ ይሁን ማለታቸው ነው። እኔም አልኩ።

ጫልቱ አንቀልባውን አጥፋ ልትመልስላቸው ስትል ተቀበሏትና «ይሄ እኔ ጋ ይቅር» አሉ። ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉ። አልሸኙንም። ሽማግሌዎቹም ዛሬ ተዉአት አሉን።

ወደ መቱ ተመለስን። ሲፈን ቅቤውን ልብሴ ላይ እየጠረገች መሀላችን ተኛች። ከዚያ በኋላም ብዙ ቀን ተኳርፈን ከረምን። እኔ ተቆጥቼ ነበር፤ አሁንም ቁጣው ተገቢ ነበር እላለሁ። አባት ሳይጠየቅ በልጁ ላይ ቃል አይገባም። ጫልቱም ይቅርታ ጠይቃኛለች፤ ስለ መደበቋ እንጂ ስለ ቃሉ ግን አልነበረም። ዛሬ እትዬ ወርቄ እኛ ቤት ይመጣሉ፣ ሲፈንም ትምህርት ሲዘጋ ኡካ ትከርማለች። እሳቸውንም እናቷንም አዮ ትላለች፤ ማንም አያርማትም።

እኔን የለወጠኝ ግን ግቢው ውስጥ የሆነው አይደለም። ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ጫልቱ ደብተር ስታርም፣ እኔ መርፌ ላይ ክር ሳስገባ፣ ሲከነክነኝ የቆየውን ጥያቄ ጠየቅኳት።

«እህትሽ ያን ቀን ‹አምጫት› ቢሉሽ ኖሮ፣ ትሰጪያቸው ነበር?»

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። እኔ መልሱን አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። አልሰጥም ነበር ትለኛለች፣ እኔም ደስ ይለኛል፣ ደግሞም አላምናትም፤ ይኼን ሁሉ ተዘጋጅቼበት ነበር።

«እሰጥ ነበር» አለች።

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ እሞት ነበር። ግን እሰጥ ነበር።»

ወጥቼ ረጅም መንገድ ተጓዝኩ፤ ልተዋት ሁሉ አስቤ ነበር። ስመለስ ግን አንድ ነገር ገባኝ። አንባቢዎቼ፣ እናንተም ፍረዱ። ያንን ጥያቄ ለጠየቃት ባል «አልሰጥም ነበር» ማለት ምን ያህል ቀላል ነበር? ማን ያውቅባታል? እኔን ታስደስታለች፣ ቤቷ ይሞቃል። እሷ ግን ትዳሯን ሊያፈርስ የሚችለውን እውነት፣ ዓይኔን እያየች ነገረችኝ። «አይ» ብትለኝ ኖሮ ዕድሜ ልኬን እጠረጥራት ነበር።

የሥጋ ሻጩን ጣት ዛሬም አያለሁ፤ ያ አይለቀኝም። ሚስቴ ግን ከሥራ መጥታ «ምን ሆነሻል?» ስላት «ምንም አልሆንኩም፣ ደክሞኝ ነው» ካለችኝ፣ ደክሟት ነው።